ከሬዲዮ እስከ ስልክ መተግበሪያ፦ ስለ ነፃነት ንቅናቄዎች ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ራሳቸውን የቻሉ ሀገራት ለመሆን ስለሚታገሉ ሕዝቦች እና ቴክኖሎጂ በዚህ ትግል ውስጥ ስላለው ድርሻ የተላኩ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። ዓመተ ምሕረቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ሕዝቦች የራሳቸውን ዕድል በራሳቸው የመወሰን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ታዲያ ድምፅ ሰጥተው በከፍተኛ አብላጫ «ነፃ እንውጣ» ያሉት የስፔን ካታሎናውያንና የኢራቅ ኩርዶች ሀገር ሳይሆኑ የቀሩት ለምንድን ነው? ሕጉ የሚሠራው ለአንዳንዱ ብቻ ነው?

መልስ፦ በ1945 የጸደቀው ቻርተር መርሁን ገና በአንቀጽ 1 አስፍሮታል። ነገር ግን መርሁ በተግባር ጉልበት ያገኘው ጠቅላላ ጉባኤው ዲሴምበር 14 ቀን 1960 ውሳኔ ቁጥር 1514ን በ89 ድጋፍ፣ ያለ ምንም ተቃውሞና በ9 ድምፀ ተአቅቦ ሲያጸድቅ ነው። ያ ውሳኔ በቅኝ ገዢዎች ሥር ለነበሩ ግዛቶች በሩን በሰፊው ከፈተ፤ ነገር ግን በዚያው ሰነድ ውስጥ የአንድን ሀገር ብሔራዊ አንድነትና የግዛት ሉዓላዊነት በከፊልም ሆነ በሙሉ ለማፍረስ የሚደረግ ሙከራ ከቻርተሩ ዓላማ ጋር እንደማይጣጣም የሚደነግግ አንቀጽም ተቀምጧል። የአፍሪካ መሪዎችም በጁላይ 1964 ካይሮ ላይ ተሰብስበው ነፃ ሲወጡ የነበረውን ድንበር ለማክበር ቃል ገቡ። ስለዚህ ከቅኝ ግዛት የሚወጣ ሕዝብ መብቱ በግልጽ የታወቀለት ሲሆን፣ ከቆመ ሀገር ለመለየት የሚሻ ሕዝብ ግን ሕጉ በግልጽ ያልፈቀደለት፣ በግልጽም ያልከለከለው ቦታ ላይ ይቆማል።

ይህን ክፍተት ሁለት ፍርድ ቤቶች በጥንቃቄ ነክተውታል። በ1995 በኩቤክ የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በ50.58 ለ49.42 በመቶ ልዩነት በካናዳ ውስጥ በመቆየት ከተጠናቀቀ በኋላ፣ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1998 ባሳለፈው ውሳኔ አንድ ክፍለ ሀገር በራሱ ፈቃድ ብቻ የመገንጠል መብት የለውም አለ። ይሁንና ግልጽ የሆነ ጥያቄ ቀርቦ ግልጽ የሆነ አብላጫ ድምፅ ከተገኘ ሌሎቹ ወገኖች ለመደራደር ግዴታ እንዳለባቸው ጨመረበት። የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ደግሞ በጁላይ 2010 በሰጠው የምክር አስተያየት ኮሶቮ ከሰርቢያ ለመለየት በ2008 ያወጣችው የነፃነት አዋጅ ዓለም አቀፍ ሕግን አልጣሰም ሲል፣ ኮሶቮ ሀገር ናት ወይስ አይደለችም ወደሚለው ጥያቄ ግን አልገባም።

ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ የሚወስኑት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም የቀድሞው መንግሥት ስምምነትና የሌሎች ሀገራት እውቅና ናቸው። ኤርትራ በኤፕሪል 1993 ባካሄደችው ሕዝበ ውሳኔ 99.8 በመቶ የሚሆነው መራጭ ለነፃነት ድምፅ ሲሰጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሂደቱን ታዝቦ ነበር፤ በአዲስ አበባ የነበረው መንግሥትም ውጤቱን ተቀብሏል። ደቡብ ሱዳን በ2011 በ98.83 በመቶ ድምፅ ስትለይ፣ ሕዝበ ውሳኔው አስቀድሞ በ2005ቱ የሰላም ስምምነት ውስጥ የተጻፈ ስለነበር ካርቱም ራሷ አዋጁ ከመታወጁ ከአንድ ቀን በፊት እውቅና ሰጠች፤ አዲሲቱ ሀገርም በቀናት ውስጥ 193ኛዋ የድርጅቱ አባል ሆነች። የኢራቅ ኩርዶች ሴፕቴምበር 25 ቀን 2017 ድምፅ ሲሰጡ ግን የድጋፉ መጠን ወደ 93 በመቶ ቢጠጋም ባግዳድ፣ አንካራና ቴህራን በአንድነት ተቃወሙ፤ ወደ ክልሉ የሚደረጉ ዓለም አቀፍ በረራዎች ተቋረጡ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም የኪርኩክ ከተማ ከኩርዶች እጅ ወጣች። ወደ ካታሎናውያን ጉዳይ ከታች እንመለሳለን።

«ሕጉ የሚሠራው ለአንዳንዱ ብቻ ነው?» ላሉት ግን አይደለም ብለን ልንሸነግልዎት አንፈልግም። እውቅና የሚሰጡት መንግሥታት የሚመዝኑት የሕዝቡን ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ጥቅምም ነው፤ በ2008 አሜሪካ ለኮሶቮ እውቅና ስትሰጥ የተቃወመችው ሩሲያ በዚያው ዓመት ኦገስት ከጆርጂያ ለተለዩት ለአብካዚያና ለደቡብ ኦሴቲያ እውቅና ሰጥታለች። ይህ ፍትሕ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሆኖም አንድ ንቅናቄ የሚሠራበት ዓለም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ማኅበራዊ ሚዲያ ባይኖር ኖሮ የዘመናችን የነፃነት ንቅናቄዎች አይኖሩም ነበር» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ነገሩ ከዚያ የቆየ ይመስለኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

መልስ፦ ስለ ሬዲዮ ይንገሯቸው። በኦገስት 1942 እንግሊዞች የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ መሪዎችን ለቅመው ባሰሩና ጋዜጦችን ባፈኑ ጊዜ፣ ኡሻ መህታ የምትባል የ22 ዓመት ተማሪ ከጥቂት ባልደረቦቿ ጋር በቦምቤይ ድብቅ የሬዲዮ ጣቢያ አቋቋመች። ጣቢያው በ42.34 ሜትር «ከሕንድ ውስጥ ካለ አንድ ስፍራ» እንደሚያሰራጭ እየገለጸ ይከፈት ነበር፤ የፖሊስ መኪኖች ሞገዱን እየተከተሉ ስለሚያስሱም ማሰራጫውን ከቤት ወደ ቤት ያዘዋውሩት ነበር። ፖሊስ በኖቬምበር 12 እስኪደርስባቸው ድረስ የቆየው ስርጭት ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። እርሷም የአራት ዓመት እስር ተፈረደባት፤ ሆኖም የታሰሩት መሪዎች መልእክትና ጋዜጣ ማተም የተከለከለው ወሬ በእነዚያ ሳምንታት ለሕዝቡ ደርሷል።

በአልጄሪያ የሆነው ከዚህም የሚያስደንቅ ነው። ጦርነቱ በኖቬምበር 1954 ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 1956፣ የነፃነት ግንባሩ የራሱን ሬዲዮ ከፈተ። ፈረንሳዮች ሞገዱን ማፈን ሲጀምሩ አድማጩ ቤተሰብ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ከብቦ ይቀመጥና አንዱ ጆሮውን ከድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ ቁልፉን በፀጉር ስንጥቅ ያህል እያዞረ ከጩኸቱ መሐል የሚቀነጨበውን ቃል ለተቀመጡት ያቀብላል፤ ጣቢያው ሲታፈን ወደ ሌላ ሞገድ ሲሸሽ እየተከተለ፣ ያልተሰማውንም በግምት እየሞላ ነበር የሚያቀብለው። ሕዝቡ የጦርነቱ ተካፋይ የሆነው በዚህ ዓይነት ማዳመጥም ጭምር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1991 በሊትዌንያ የሆነውን በክፍል ውስጥ ቢተርኩላቸው እንመክራለን። ሀገሪቱ ነፃነቷን ካወጀች አሥር ወር ሆኗት ነበር። በዚያ ሌሊት የሶቪየት ወታደሮች በታንክ ታጅበው ወደ ቪልኒየስ የቴሌቪዥን ማማና ስቱዲዮ ሲገቡ፣ ማማውን በባዶ እጁ ከብቦ ከነበረው ሕዝብ 14 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። አቅራቢዋ ወታደሮቹ በኮሪደሩ እየመጡ መሆናቸውን ለተመልካች እየተናገረች ሳለ ስርጭቱ ተቋረጠ። ብዙም ሳይቆይ ግን በሁለተኛዋ ከተማ በካውናስ የሚገኝ አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ማሰራጨት ጀመረ፤ የውጭ ቋንቋ የሚችል ሁሉ እንዲመጣ ጥሪ አቀረበ፤ መምህራንና ተማሪዎች በሌሊት እየሮጡ መጥተው የሆነውን ለዓለም በየቋንቋው አነበቡ። በቀጣዩ ወር አይስላንድ ለሊትዌንያ ያላትን እውቅና አረጋገጠች፤ ሞስኮ ራሷ በሴፕቴምበር እውቅና ሰጠች።

ተማሪዎችዎ ከእነዚህ ታሪኮች ማየት ያለባቸው፣ በየጊዜው መሣሪያው ቢለያይም ከመሣሪያው ጀርባ አስቀድሞ የተደራጀ አካል እንደነበረ ነው። የሕንድ ኮንግረስ የተመሠረተው በ1885 ነው። በሊትዌንያም ሳዩዲስ የተባለው ንቅናቄ በ1988 ተመሥርቶ በ1990 ምርጫ አሸንፎ ፓርላማውን ይዞ ነበር። የዛሬው ስልክ የቀየረው ትልቅ ነገር ድርጅት ሳይኖር በአንድ ቀን ሕዝብን መሰብሰብ የሚቻል መሆኑ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል፤ ሕዝቡ ከተሰበሰበ በኋላ ከመንግሥት ጋር ማን ይደራደር?

የካታሎኒያን ጉዳይ እንውሰድ። በኦክቶበር 2019 የስፔን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሳቢያ ዘጠኝ የንቅናቄውን መሪዎች ከ9 እስከ 13 ዓመት በሚደርስ እስር ሲቀጣ፣ መሪዎቹ እነማን እንደሆኑ በይፋ የማይታወቅ «ዴሞክራሲያዊ ሱናሚ» የተባለ ስብስብ በቴሌግራም ጥሪ አቅርቦ በሰዓታት ውስጥ የባርሴሎናን አውሮፕላን ማረፊያ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች አጥለቀለቀው፤ ከ100 በላይ በረራዎችም ተሰረዙ። ስብስቡ ቀጥሎ ያወጣው የስልክ መተግበሪያ የሚሠራው አስቀድሞ አባል ከሆነ ሰው በሚገኝ ኮድ ብቻ ነበር። አስደናቂ ብልሃት ነው፤ ሆኖም ለተከሳሾቹ መፍትሔ ያመጣው እርሱ አይደለም። ዘጠኙ እስረኞች በ2021 በይቅርታ ተፈቱ፤ በ2024 የጸደቀው የምሕረት ሕግ የተገኘው ደግሞ ከ2023ቱ ምርጫ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳንቼዝ መንግሥት ለመመሥረት የካታሎን ፓርቲዎች ድምፅ ስላስፈለጋቸው ነው፤ ከእነዚህ ፓርቲዎች አንዱ የነበሩት መቀመጫዎች ሰባት ብቻ ነበሩ።

ጥያቄ፦ በሶፍትዌር ሙያ የተሰማራሁ ነኝ። ካታሎናውያን በ2017 ሕዝበ ውሳኔያቸውን ያካሄዱት በቴክኖሎጂ እገዛ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በትክክል ምን ሠሩ? ለወደፊቱስ በኢንተርኔት የሚሰጥ ድምፅ ይህን ዓይነቱን ክርክር ሊፈታ ይችላል?

መልስ፦ ድምፁ የተሰጠው በወረቀት ነው፤ ቴክኖሎጂው ያገለገለው ለመራጮች መዝገብ ነው። የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሕዝበ ውሳኔውን አግዶት ስለነበር ፖሊስ ወደ አሥር ሚሊዮን የሚጠጉ የድምፅ መስጫ ወረቀቶችን ወረሰ፤ የንቅናቄውን ድረ ገጾች ዘጋ፤ «ካት» የተባለውን የካታሎናውያን የኢንተርኔት አድራሻ ቅጥያ የሚያስተዳድረውን ተቋምም ፈተሸ። ድረ ገጹ በተዘጋ ቁጥር ደጋፊዎች ቅጂውን በሌላ አድራሻ እየከፈቱ ዜጎች የት ድምፅ እንደሚሰጡ እንዲያውቁ ያደርጉ ነበር።

ኦክቶበር 1 ቀን ጠዋት ላይ ባለሥልጣናቱ ማንኛውም መራጭ በፈለገው ጣቢያ ድምፅ መስጠት እንደሚችል አስታወቁ፤ አንድ ጣቢያ ቢዘጋ ሰው ወደ ሌላው እንዲሄድ ታስቦ ነው። ይህ እንዲሆን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ የሚቆጣጠር፣ ሁሉም ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ የሚያዩት መዝገብ ያስፈልጋል። በየትምህርት ቤቱ የተቀመጡት በጎ ፈቃደኞች የመራጩን መታወቂያ ቁጥር በስልክ ወይም በላፕቶፕ አስገብተው ሲጠይቁ፣ መንግሥት በበኩሉ የሰርቨሩን አድራሻ እያደነ ይዘጋል፤ አዲሱ አድራሻ በመልእክት ይላካል፤ እንደገና ይዘጋል። በብዙ ጣቢያዎች የተሰለፈው ሕዝብ መስመሩ እንዳይጨናነቅ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ እንዲያደርግ ይለመን ነበር። በሌሎች ጣቢያዎች ፖሊስ በር ሰብሮ እየገባ ኮሮጆዎችን ወሰደ፤ የተሰለፉትንም በዱላ ደበደበ። አዘጋጆቹ በመጨረሻ 43 በመቶ ያህል ሕዝብ ድምፅ እንደሰጠና ከእርሱም 90 በመቶው ነፃነትን እንደደገፈ አስታወቁ።

እንደ ባለሙያ ብልሃቱን ቢያደንቁ አንፈርድብዎትም። ነገር ግን ምን እንደጎደለ አብረን እንመልከት። ምርጫውን እንዲመራ የተሰየመው ኮሚሽን አባላቱ ከባድ የገንዘብ ቅጣት ስለተደነገገባቸው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ፈርሷል፤ ነፃነትን የሚቃወሙት አብዛኞቹ ሕዝበ ውሳኔውን ሕገ ወጥ ነው ብለው ቤታቸው ቀርተዋል፤ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ቆጣሪ አልነበረም። መዝገቡ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ ይህን ጉድለት የሚሞላ የኮድ መስመር የለም።

ከዚህ ጋር ስኮትላንድን ያነጻጽሩ። የለንደንና የኤዲንብራ መንግሥታት በ2012 ስለ ሕዝበ ውሳኔው ሕጋዊነት በፊርማ ተስማሙ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 2014 ከመራጩ 84.6 በመቶ ወጥቶ በእርሳስ በወረቀት ላይ ምልክት አደረገ፤ 55.3 በመቶው መለየትን ሳይቀበል ሲቀር የነፃነቱ ወገን መሪ አሌክስ ሳልመንድ በማግስቱ ሽንፈቱን ተቀብለው ከሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። በወረቀትና በእርሳስ የተገኘው ውጤት የተከበረው አስቀድሞ በጠረጴዛ ዙሪያ ስምምነት ስለነበረ ነው። ያ ስምምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ስኮትላንድ ራሷ አሳይታለች፤ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2022 የስኮትላንድ ፓርላማ ያለ ለንደን ፈቃድ ሌላ ሕዝበ ውሳኔ የሚያስጠራ ሕግ ማውጣት አይችልም ብሎ ወስኗል።

ቴክኖሎጂ ለምዝገባ ጠቃሚ መሆኑን አንክድም። ሶማሊላንድ ለ2017ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ መራጮችን በዓይን ብሌን መለያ መዝግባለች፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ሆኖም ነፃነቷን ካወጀችበት ከ1991 ጀምሮ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ከአንድም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል ሀገር እውቅና ሳታገኝ ኖራለች። ምርጫን በንጽሕና ማካሄድ ከውጭ የሚመጣውን እውቅና አልተካላትም።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ምክንያቱም ሙያዎን ይመለከታል። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በኤፕሪል 2022 ባወጣው ዘገባ ቢያንስ 63 የካታሎን ፖለቲከኞች፣ ጠበቆችና የማኅበራት ሰዎች ፔጋሰስ በተባለ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደነበሩ ገልጿል። ይህ ሶፍትዌር ስልክ ውስጥ ከገባ በኋላ መልእክቱ የቱንም ያህል ቢመሰጠር ባለቤቱ በስክሪኑ ላይ የሚያየውን ሁሉ ያያል፤ ማይክሮፎኑንም ይከፍታል። የስፔን የስለላ ተቋም በፍርድ ቤት ፈቃድ ጥቂቶቹን መከታተሉን ካመነ በኋላ ኃላፊዋ ከሥልጣን ተነሥተዋል። ሰላማዊ ፖለቲካን በዚህ መንገድ መከታተል በየትኛውም ወገን ቢፈጸም እንቃወመዋለን፤ ተደራዳሪው የሚያስበው ሁሉ ለተቃራኒው ወገን የሚታይ ከሆነ ድርድር የሚባል ነገር ትርጉም ያጣል።

ጥያቄ፦ መንግሥታት የመገንጠል ጥያቄ ሲነሣ ኢንተርኔት ይዘጋሉ። ጥላቻንና ሁከትን ለማስቆም ሲባል ይህ ተገቢ አይደለምን?

መልስ፦ ተገቢ አይደለም፤ ብዙ ጊዜም የታሰበለትን ውጤት አያመጣም። ካሜሩን በጃንዋሪ 2017 የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹን የሰሜን ምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ክልሎች ኢንተርኔት ለ93 ቀናት ዘጋች። ጥያቄው በጠበቆችና በመምህራን ሰላማዊ ተቃውሞ የተጀመረ ነበር። በቡዌያ ከተማ የሶፍትዌር ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ሥራቸው እንዳይሞት ላፕቶፖቻቸውን ይዘው መስመር ወደሚገኝበት ክልል ድንበር ይሄዱ ጀመር፤ ቦናኮ በተባለች መንደር አንድ ክፍል ተከራይተው ወንበርና ጠረጴዛ ደርድረው «የኢንተርኔት ስደተኞች ጣቢያ» ብለው ጠሯት። ባንክ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታልም አብረው ተጎዱ። መስመሩ በኤፕሪል ሲመለስ ንቅናቄው ለዘብ ብሎ አልተገኘም፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን አምባዞንያ በሚል ስም የነፃነት አዋጅ ታወጀ፤ ግጭቱም ወደ ትጥቅ ትግል ዞረ። ለዚህ ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ መስመሩ መዘጋቱ ግን የመነጋገር ፍላጎት የነበራቸውን ሰዎች ከጨዋታው ካወጡት ነገሮች አንዱ ነው ብለን እናምናለን።

ፍርድ ቤቶችም እየተናገሩ ነው። ኢንዶኔዥያ በኦገስት 2019 በፓፑዋ ክልሏ ኢንተርኔት ከዘጋች በኋላ የጃካርታ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በጁን 2020 ድርጊቱ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈርዷል። ፈረንሳይ በሜይ 2024 በፓስፊክ ግዛቷ በኒው ካሌዶኒያ ሁከት ሲነሣ ቲክቶክን ለሁለት ሳምንት ዘግታ ነበር፤ የሀገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 እገዳው በተደረገበት ሁኔታ ሕጋዊ እንዳልነበር ወስኗል።

ስለ ጥላቻ ያነሡት ስጋት ግን እውነተኛ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። መልሱ የሚያነሣሣውን ሰው ለይቶ በሕግ መጠየቅ ነው። በፊንላንድ የሚኖር አንድ የቢያፍራ ንቅናቄ (ከናይጄሪያ ለመለየት የሚታገል) አቀንቃኝ በማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎችን ለሽብር ወንጀል ቀስቅሷል በሚል ክስ በላህቲ ከተማ ፍርድ ቤት ቀርቦ በሴፕቴምበር 2025 የስድስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ክሱ በማስረጃ ቀርቧል፤ ተከሳሹ ተሟግቷል። በዚህ መንገድ የሚሊዮኖች መስመር ሳይዘጋ አንድ ሰው ስለ ተናገረው ነገር ይጠየቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ ሀገር ስትቆም የስልክ ቁጥሯንና የኢንተርኔት አድራሻዋን ማን ይሰጣታል?

መልስ፦ የስልክ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። የአድራሻ ቅጥያው ደግሞ የሀገራትን ባለ ሁለት ፊደል መለያ ዝርዝር ይከተላል። ኮሶቮ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ለስምንት ዓመታት ያህል ለመደበኛ ስልክ የሰርቢያን 381፣ ለሞባይል ደግሞ የሞናኮን 377 እና የስሎቬንያን 386 ትጠቀም ነበር፤ የራሷን 383 ያገኘችው ከሰርቢያ ጋር በአውሮፓ ኅብረት አደራዳሪነት ተስማምታ በዲሴምበር 2016 ነው። የምሥራቅ ቲሞር ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሀገሪቱ ገና በኢንዶኔዥያ ይዞታ ሥር ሳለች በ1997 አንድ የአየርላንድ ኩባንያ የአድራሻ ቅጥያዋን ከፍቶላት ነበር። ነፃነቷ የመጣው ግን ኢንዶኔዥያ ተስማምታ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ባካሄደው የ1999 ሕዝበ ውሳኔ 78.5 በመቶው ከኢንዶኔዥያ ጋር መቆየትን ስላልተቀበለ ነው፤ ሀገርነቷም በሜይ 2002 ተረጋገጠ።

ነፃነቱን ያገኘ ሀገርም ቴክኖሎጂውን መጠበቅ አለበት። በ2007 ከባድ የሳይበር ጥቃት የደረሰባት ኢስቶኒያ ከአሥር ዓመት በኋላ ከሉክሰምበርግ ጋር ተፈራርማ የመንግሥቷን ወሳኝ መረጃዎች ቅጂ የኤምባሲ ዓይነት ጥበቃ በሚሰጠው የመረጃ ማዕከል አስቀምጣለች። ግዛቷ ቢያዝ እንኳ መዝገቧ እንዳይጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ በብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በጋራ በሚያዝ ዲጂታል መዝገብ) ላይ ብቻ የቆመ፣ ግዛት የሌለው ሀገር መመሥረት ይቻላል?

መልስ፦ ማኅበር መመሥረት ይቻላል። በ1933 የተፈረመው የሞንቴቪዴዮ ስምምነት አንድን ሀገር ሀገር የሚያሰኙት ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥትና ከሌሎች ሀገራት ጋር ግንኙነት የመፍጠር አቅም መሆናቸውን ይዘረዝራል። በክሮኤሺያና በሰርቢያ መካከል በምትገኝ ሰባት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ላይ በ2015 የታወጀችው ሊበርላንድ በኢንተርኔት ዜግነት ብታድልም ሀገራት አልተቀበሏትም።

ጥያቄ፦ ስለ አንድ ንቅናቄ የሚለቀቁትን ቪዲዮዎችና የድምፅ ቅጂዎች ማመን ከብዶኛል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩም አሉ ይባላል። እንደ ተራ ተከታታይ ምን ማድረግ እችላለሁ? በመጪዎቹ ዓመታትስ የትኛውን ጉዳይ መከታተል ይበጃል?

መልስ፦ የሚያናድድ ወይም የሚያስለቅስ ነገር ሲደርስዎ ከማጋራትዎ በፊት ምስሉ ከዚህ ቀደም ወጥቶ እንደሆነ በምስል መፈለጊያ ይመልከቱ፤ ብዙው የሐሰት መረጃ የሚሠራው በረቀቀ ማሽን ሳይሆን የሌላ ሀገርና የሌላ ዓመት ቪዲዮ በአዲስ ርዕስ በማውጣት ነው። በምስሉ ላይ የሚታዩ ጽሑፎችን፣ የመኪና ሰሌዳዎችን፣ የአየሩን ሁኔታ ከተባለው ቦታና ወቅት ጋር ያስተያዩ። የድምፅ ቅጂ ከሆነ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ የሰውን ድምፅ መቅዳት ቀላል ሆኗል፤ ዓይን የሚይዘው ስሕተትም የለበትም። ከሁሉም በላይ ግን ከጩኸቱ ባሻገር ሰነድ ይፈልጉ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የተፈረመ ስምምነት፣ የፓርላማ ድምፅ። የአንድ ንቅናቄ ዕጣ የሚለወጠው በእነዚህ ነው፤ እነዚህ ግን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እምብዛም አይዘዋወሩም።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ ቡገንቪልን እንጠቁምዎት። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሥር ያለችው ይህች የደሴቶች ግዛት በፓንጉና የመዳብ ማዕድን ሳቢያ በተጀመረ ጦርነት አሥር ዓመት ያህል ከተሠቃየች በኋላ በ2001 የሰላም ስምምነት ተፈረመላት። ስምምነቱ የገባላት ሕዝበ ውሳኔ በ2019 መጨረሻ ተካሂዶ 97.7 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ለነፃነት ተሰጠ፤ ኮሚሽኑን የመሩት የቀድሞው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በርቲ አኸርን ነበሩ፤ የውጤቱን ንጽሕናም አከራካሪ ያደረገ ወገን አልነበረም። ነገር ግን ስምምነቱ ውጤቱን አስገዳጅ አላደረገውም፤ ሁለቱ መንግሥታት ተመካክረው የፓፑዋ ኒው ጊኒ ፓርላማ ሊያጸድቀው ይገባል። የቡገንቪል መሪዎች ሴፕቴምበር 1 ቀን 2027ን የነፃነት ቀን አድርገው ይዘዋል፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ዋና ከተማ በፖርት ሞርስቢ ደግሞ ማጽደቂያው በቀላል አብላጫ ይሁን ወይስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚለው ሲያከራክር ቆይቷል። ስለዚህ ስለ ቡገንቪል ዜና ሲያነቡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ፓርላማው ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጦ እንደሆነና የሚጠየቀው አብላጫ በስንት እንደተወሰነ ይሁን።